አቤት ያላለችው ሴት

ባለፈው ወር ቀብር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማኝ ጮኽኩ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ነጠላ ያጣፋ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ የልጅ ልጁ በሚሆን የዕድር ጸሐፊ ላይ ሲጮህ አስቡት። ጉልበቴ አልፈቀደም እንጂ ከዘራዬም ሳይነሣ አይቀርም ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ "ሰውዬው ምን ነካቸው?" እየተባልኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤታችንን አስከሬን አፈር አልብሰን ስንጨርስ፣ እንደ ልማዱ የዕድሩ ጸሐፊ ስም መጥራት ጀመረ። ቀብር የመጣውና የቀረው የሚለየው በዚህ ነው፤ ስሙ ሲጠራ "አቤት" ያለ ተገኝቷል፣ ዝም ያለ ቀርቷል፣ መቀጫ ይጠብቀዋል። ልጁ ስሞቹን ከስልኩ ላይ እያነበበ ያንበለብላቸዋል። ከእኔ አምስት እርምጃ እንኳ ሳይርቁ የቆሙ ወይዘሮ ነበሩ፤ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ስማቸው ሁለቴ ተጠራ፣ አልሰሙም። ልጁ ቀና ሳይል "ቀሪ" አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

"አንተ ልጅ፣ ቀና በልና እይ እንጂ" አልኩት። "ሴትዮዋ ፊትህ ቆመው የለም እንዴ?"

"አባባ ይቅርታ፣ አቤት አላሉም እኮ" አለኝ።

ይቺን ባይላት ኖሮ እዚያው ይበርድልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ባልደግመው ይሻላል። ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ፤ እቤት እስክንደርስም "አባዬ፣ ለዚህች ለዚህች ነገር ደም ግፊትህን ታስነሣለህ?" እያለች ነዘነዘችኝ። እሷ ምን ታውቃለች። ያቺን ቃል እኔ መጀመሪያ የሰማኋት ከአባቴ አፍ ነው። "ስሙ ሲጠራ አቤት ያላለ፣ የለም" ይል ነበር። በዚች ቃሉ አንዲት ሴት ከሰው ተራ ወጥታለች፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀርቻለሁ።

አባቴ አቶ ወልዴ ኮልፌ ውስጥ አጣና ሻጭ ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ስንት ዓመት በትከሻው ሲሸከም ኖሮ፣ በኋላ የራሱን ግቢ ያጠረ ሰው ነው። ለግድግዳና ለአጥር የሚሆነው ባሕር ዛፍ ከቡራዩ ማዶ በአህያና በጭነት መኪና ይመጣለታል፤ እሱ በውፍረቱ እየለየ በየወገኑ ያቆመዋል። ግቢያችን ክረምት ከበጋ ገና የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚሰማኝ ፍርሃት ነው። መትቶኝ አያውቅም፣ ይህን ልመስክርለት። ግን ግንባሩን ቋጥሮ አንዴ ካየህ ዱላው ይሻልሃል። እናቴ ቆጮውን በጎመንና በአይብ አሳምራ ስታቀርብለት ዝም ብሎ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይነሣል፤ ጣፈጠው አልጣፈጠው የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

የሰፈሩ ሰው ዕድር ሲያቋቁም ዳኛ ያደረገው ለዚሁ ጠባዩ ይመስለኛል። የዕድር ዳኛ ማለት መሪው ነው። ሕጉን ያወጣው እሱ ነበር፤ ሦስት ቀብር አከታትሎ የቀረ ይሰረዛል፣ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛ አይወጣለትም። ጸሐፊ እያለ እንኳ ስም የሚጠራው ራሱ ነው። መቃብሩ አጠገብ ይቆምና ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ አንድ በአንድ ይጠራል። የሚያየው ስሙን እንጂ ሰውን አልነበረም።

አንድ ጊዜ ታናሽ እህቴ በትኩሳት ስትቃጠል እናቴ እሷን ለጎረቤት ትታ ቀብር ሄደች። ስም ጠሪው እሱ ስለሆነ ለቤታችን አቤት የምትለው እሷ ነበረች፤ ሬሳው አፈር እንደለበሰ ግን ልጇን ለማየት ሮጠች፤ ስም ሲጠራ አልነበረችም። አባቴ የገዛ ሚስቱን "ቀሪ" ብሎ ጻፋት። እቤት መጥቶም ያቀረበችለትን እንደ ልማዱ በላ።

"አንተ ሰው፣ እዚያው ስቆም አይተኸኝ የለም?" ብትለው፣

"አቤት አላልሽም" አላት።

አሁን ይሄ ባል ነው? እኔ ያኔ ማዕዱን ትቼ ተነሣሁ። እናቴ ግን ከት ብላ ሳቀች። ከእሱ ጋር ለመኖር ሌላ ዘዴ አልነበራትም።

እትዬ ብርቄ ከወንዙ ዳር በአንዲት ክፍል ቤት ለብቻዋ የምትኖር ሴት ነበረች። ሥጋ ደዌ ይዟት፣ ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ ተኝታ፣ ድነሻል ተብላ የወጣች ናት። በሽታው ሲለቃት ግን የጣቶቿን ጫፍ ወስዶባት ነበር፤ ድምጿም ሻክሮ ቀርቷል። ዕድሩ ውስጥ የገባችው በባሏ ነው። ባሏ ዘበኛ ነበር፤ እሱ ሲሞት በሕጉ መሠረት ስሙ ለእሷ ተላለፈ። ሕግ ስለሆነ እንጂ ማን ፈልጓት! ሐኪሙ ከእንግዲህ ወደ ሰው አትተላለፍም ቢል ማን ይሰማል። ባለሱቁ ከእጇ የተቀበለውን ሳንቲም በውኃ ያጥባል። ቧንቧው ጋ ስትመጣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይሰበስባሉ። እነዚህ ሁሉ እኮ በየእሑዱ ነጠላ አጣፍተው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፣ ጾም የማይገድፉ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ልጆቻቸው ስላሉ ተውኩት።

ከአባቴ ግቢ ቅርፊትና ጭራሮ ትለቅም ነበር። አባቴ አይከለክላትም፤ "ቶሎ ለቅመሽ ሂጂ" ከማለት በቀር ግን ቃል ተናግሯት አያውቅም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በተደረገው የዕድር ስብሰባ የተሰረዙ ሰዎች ስም ሲነበብ የእሷም ነበረበት። ሦስት ቀብር ቀርታለች ተባለ። ማንም ለምን አላለም። እንዲያውም እፎይ ያለው ይበዛል።

እኔ ያኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ በሰፈራችን እስከዚያ ክፍል የደረሰ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። ማትሪክ ያኔ ምን እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል። ሌላውን ሁሉ ብታልፍ ሒሳብ ከወደቅህ ዩኒቨርሲቲ የለም። በሒሳብ ደግሞ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ መሐንዲስ እንደምሆን እኔም አስተማሪዎቼም አልተጠራጠርንም። የሒሳቡ ፈተና ቀን ግንቦት እያለቀ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ የኮልፌ መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እናቴ በማለዳ ተነሥታ ቂንጬ በቅቤ ሠራችልኝ፤ ሸሚዜን በከሰል ካውያ ተኩሳልኛለች። እርሳሴን ቀርጬ፣ ማስመሪያዬን ይዤ ልወጣ ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

"ና፣ ሰው ጎድሎናል" አለኝ።

"የት ነው አባባ?"

"ብርቄ ሞታለች። አራተኛ ተሸካሚ የለም።"

"ዛሬ እኮ ፈተና ነው። ሦስት ሰዓት ላይ እንገባለን።"

"አውቃለሁ። ትደርሳለህ።"

የሰረዟት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እናቴ "ኧረ ልጁን ተወው፣ ሌላ ሰው ፈልግ" ብትለው "ፈልጌ ነው" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚያን ጊዜ አባት ና ሲል ይኬዳል። ሄድኩ።

ቤቷ ስንደርስ አከራይዋ አፍንጫውን በጋቢ ሸፍኖ በሩ ላይ ይንጎራደዳል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ካልወጣች በጋሪ አስጭኜ ባለቤት የሌለው ሬሳ የሚቀበርበት እሰዳታለሁ ብሎ ዝቷል። ሁለት ሰዎች ቀድመውን ቆመዋል። አንዱ አጣናው ግቢ የቀን ሥራ የሚሠራው ደሳለኝ ነው። ሁለተኛው የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ቶሎሳ ነው፤ ሰው ሲሞት በማለዳ መንደር ለመንደር እየዞረ የሚለፍፍ እሱ ነበር። ያን ቀን ጥሩምባውን አልያዘም። ጎረቤቶቿ በየአጥራቸው ሥር ቆመው ያዩናል፤ እግሩን ያነሣ የለም። አንዲቷ ልጆቿን ጠርታ አስገብታ በር ዘጋች። የዕድሩ ቃሬዛ ስለተከለከለ አባቴ ከግቢው ቀጥ ያሉ አጣናዎች መርጦ፣ በገመድ ጠፍሮ ሌላ ሠርቷል። ለማንም የማይሸጣቸውን ምርጦቹን ነበር ያወጣው፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። እትዬ ብርቄ በሰሌን ተጠቅልላለች። አነሣናት።

ቀላል ነበረች። ያስቸገረን ጭቃው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወጥተን አንዱን እንመለሳለን፤ የተተኮሰው ሸሚዜ ጭቃ ጠጥቷል። ደሳለኝ አንዴ ወድቆ ተነሣ። አባቴ ከፊት ሆኖ አንዴም ዞር አላለም። እኔ በልቤ ሰዓት እቆጥራለሁ፦ አሁን ልጆቹ ሰልፍ ይዘዋል፣ አሁን ስማቸው እየታየ ይገባሉ። ጉድጓዱን አባቴና ደሳለኝ ጎሕ ሲቀድ ቆፍረውት ነበር። ቄሱ ከፍትሐቱ አንድም ሳያጎድሉ ፈቱ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን በዚያ ሰዓት ቢያጎድሉ ደስ ይለኝ ነበር። አፈሩን መልሰን እንደጨረስን አካፋዬን ጣልኩና ልሮጥ ስል፣

"ቁም፣ ስም ይጠራል" አለ አባቴ።

የሚቀልድ መሰለኝ፤ ቀልዶ ባያውቅም። አራት ሰው ነን፣ ሦስታችን እሱ ፊት ቆመናል፤ ደብተሩን ከኮቱ ኪስ አወጣ።

"ቶሎሳ።"

"አቤት።"

"ደሳለኝ።"

"አቤት።"

"ኃይሉ።"

ጥርሴን ነክሼ "አቤት" አልኩ።

"ወይዘሮ ብርቄ።"

ዝናቡ ያንጠባጥባል። ሁለተኛ ጠራት። ጋሽ ቶሎሳ መሬት መሬት ያያል። ሦስተኛ ጠራትና ቆየ፤ እኔ አበደ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ "አለች" አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ ፈተናዬ እየሄደብኝ፣ ሰውየው የተቀበረች ሴት ስም ይጠራል! ትቻቸው በረርኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል። ዘበኛው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "ልጄ፣ ከፈተናው እኩሌታው አልፏል። ባስገባህ እኔን ነው የሚያባርሩኝ" አለኝ። እዚያው ጭቃው ላይ እግሩ ሥር ወደቅሁ። አላስገባኝም፤ ምን ያድርግ እሱም።

ቤት ስመለስ አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ አጣና ይለያል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽኩበት። "ሰርዘው የጣሏት እርስዎ! ዛሬ ደግሞ ነፍስዎን ሊያጸድቁ የእኔን ዕድሜ ቀበሩት!" አልኩት። አንድ አጣና አንሥቶ ቦታው አቆመ።

"ፈተና ለከርሞም አለ" አለኝ።

ይኸው ነው። አይዞህ የለ፣ አጠፋሁ የለ። ለከርሞም አለ! እውነቱን ለመናገር ለከርሞ ነበረ፤ እኔ ግን የሱ ልጅ ነኝና እልህ ይዞኝ አልተፈተንኩም። ከአስኮ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ገባሁ፣ እዚያው ቤት ተከራየሁ። ቀጥሎ አብዮቱ መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ዕድሜም ሄደ። ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ ነው ያስቀረኝ እያልኩ ኖርኩ፤ እንደዚያ ማለት ይቀላል።

ያ ፈተና ባለፈኝ ሰሞን አባቴ ከዕድሩ ወጣ የሚል ወሬ ሰማሁ። ዳኝነቱን ነጥቀውት ተቀይሞ ነው አልኩ፤ ትዕቢት ነው አልኩ። በእኛ ሰፈር ዕድር የሌለው ሰው ማለት ቆሞ የሞተ ሰው ነው። ሰዎች ሰላምታ እየሰጡት በሆዳቸው ማን ያነሣው ይሆን ይላሉ። እናቴ ብታለቅስ፣ ሽማግሌ ብትልክ አልተመለሰም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በየእሑዱ የሚሄድበት ነበረው፤ የት እንደሆነ ለእሷም አይናገርም። ምስኪን እናቴ በዚያ ዕድሜው ሴት ለመደብኝ ብላ እስከ መጠርጠር ደርሳ ነበር። እኔ ለዓውደ ዓመት ብቻ እመጣለሁ። "እንደምን ሰነበቱ?" "ደህና።" ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ያለፈ አልተነጋገርንም።

በጥር፣ ኮልፌ አቧራ ብቻ በሆነበት ወቅት፣ ሳል ይዞት በሦስት ቀን ሞተ። እኔ የደረስኩት ከሞተ በኋላ ነው። ጥሩምባ አልተነፋለትም። የድሮው ጸሐፊ ያኔ ዳኛ ሆኗል፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። "ይህን ዕድር ያቋቋመ ሰው ነው። ሌላው ይቅር፣ ድንኳኑን ብቻ ስጡን" አልኩት።

"ወንድሜ ኃይሉ፣ ሕግ ነው" አለኝ። "ሕጉን ያወጣውም አባትህ ነው።"

ሲናገር ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግታ ያየሁ መስሎኛል። ያን ሰው አፈር ካለበሱት ስንት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን ያን ፈገግታ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

አጣና ከሚያመጣልን ሾፌር የመኪና ሸራ ተውሰን ወጠርን። ሰዎች አልመጡም አልልም፤ መጡ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ሄዱ። ተሸካሚዎቹ የአጣናው ግቢ ሠራተኞች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ዐሥራ አምስት ያህል ሰዎች ከበሩ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆመዋል። ልብሳቸው ያረጀ ነው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል፣ አንድ ሽማግሌ በክራንች ተደግፈዋል። ነዳያን ናቸው አልኩ፤ ቀብር ባለበት ነዳይ አይጠፋም። ያን ቀን ሆዴ በንዴት ሞልቶ ነበር። ያ ዳኛ ተብዬ ከሩቅ ቆሞ፣ የአቶ ወልዴ ለቀስተኛ ይኸው ለማኝ ብቻ ሆነ፣ የሚል መሰለኝ። ደሳለኝን ጠራሁት።

"ለነዚያ ዳቦ ስጣቸውና ሸኛቸው። እዚህ አይቁሙ።"

"ኃይሉ፣ እነሱ እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ያልኩህን አድርግ" አልኩት። ድምፄ ቁርጥ የአባቴ ነበር።

ዳቦውን አልተቀበሉም። ቁልቁል ወደ ወንዙ በኩል ሲሄዱ አየሁና ወደ ጉዳዬ ተመለስኩ።

ከቀብር መልስ ከሸራው ሥር ተቀምጠን፣ ሰውም ሳሳ ሲል ጋሽ ቶሎሳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ንፍሮውን አልነካም።

"እነዚያን የሸኘሃቸውን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?" አለኝ።

"ነዳያን ናቸው።"

"የአባትህ ዕድር ናቸው።"

ፊቱን አየሁት። የሚቀልድ ሰው አይደለም። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። እትዬ ብርቄ የሞተችው ከፈተናዬ በፊት በነበረው ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ግድም ነው። ጋሽ ቶሎሳ ጥሩምባ ልንፋ ወይ ብሎ አባቴ ዘንድ ሄደ። አባቴ "ሦስት ቀብር ቀርታለች፣ አይነፋላትም" አለው።

"እኔም ያን ቀን ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ኧረ ጋሽ ወልዴ፣ ብርቄ ቀብር ቀርታ አታውቅም አልኩት" አለ ጋሽ ቶሎሳ። "ሰዎች ትንሽ ራቅ በዪ ስላሏት ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከበሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ነው የምትቆመው። ስሟ ሲጠራ አቤት ትላለች። በዚያ ድምጿ ማን ይስማት? እኔ በሩ ጋ ስለምቆም እሰማታለሁ። ስታበቃ ዞር ብላ ትሄዳለች። መሰረዟንም የሚነግራት አልነበረም፤ ከተሰረዘችም በኋላ መጥታ ቆማለች።"

"ለምን ቀድመህ አልነገርከውም?"

"አባትህን? ማን ደፍሮ? አንተ ትነግረው ነበር?"

አልነግረውም ነበር።

አባቴ ይህን ሲሰማ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሳይመሽ ኮሚቴውን ሰበሰበና፣ ጋሽ ቶሎሳ በጆሮው እንደሰማው፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አልቀረችም። ስሟ ይመለስ፣ ጥሩምባ ይነፋ" አላቸው። አባቴ! አጠፋሁ አለ! በዚህ ምድር ላይ ከአፉ የወጣው አንድ ጊዜ ነው፣ ያንንም አልተቀበሉትም። "ሕግ ነው ስትለን ኖረህ ዛሬ ለእሷ ታፈርሰዋለህ?" አሉት። ሕግ መስሏቸው አይደለም፤ ሬሳዋን መንካት ፈርተው ነው። እሱም ተነሥቶ ወጣ፤ ዕድሩን የተወው ያን ዕለት ነው። ከዚያ አራት ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞር ሁሉም በር ዘጋበት። በነጋታው እትዬ ብርቄን ቀብሮ፣ ሰንበት ሲሆን የታከሙ ሕሙማን ተሰባስበው ወደሚኖሩበት መንደር ሄዶ የእነሱ ዕድር አባል ሆነ። የየእሑዱ መንገዱ ይኸው ነበር። ለእናቴ ያልነገራት፣ ሰፈሩ ቢሰማ ከእሷም ይሸሻል ብሎ ነው።

"ለልጅህ እንኳ ልንገረው ብዬው ነበር" አለኝ ጋሽ ቶሎሳ። "ምን ብለህ ትነግረዋለህ፣ አባትህ ቀና ብሎ ሰው አያይም ነበር ብለህ? አለኝ።"

ያን ጊዜ ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ተናደድኩ። ከሞተ በኋላ እንኳ ተናደድኩበት። ምናለ አንድ ቃል ቢለኝ? ያን ዕለት አጣናውን አስቀምጦ፣ ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ እንዲህ ሆኖብኝ ነው ቢለኝ፣ ለከርሞ እፈተን ነበር፣ ከእሱ ጋርም እሑድ እሑድ እሄድ ነበር። ለባዕድ አጠፋሁ ያለ ሰው ለገዛ ልጁ ማለት አቃተው። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከፈተናው ይልቅ ይሄ ነው።

በነጋታው መንደራቸው ሄድኩ። ዳኛቸው በክራንች የተደገፉት ሽማግሌ ነበሩ። "አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፣ አላወቅኋችሁም" አልኳቸው፤ ለመናገር ምን ያህል እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እኛ ቀብራችንን ቀብረናል" አሉኝ። "ስትሸኘን ከወንዙ ማዶ ቆመን፣ አፈር እስኪለብስ ጠብቀን ስም ጠራን። የቀረ ሰው የለም። ዳቦውን ግን የመለስነው በቁጣ አይደለም፤ ለቀብር የመጣ ሰው ምጽዋት አይወስድም።"

ይህን ሁሉ ለልጄ የነገርኳት ባለፈው ሳምንት ነው። እሷም ተናደደች፤ በዘር ነው መሰለኝ። ቀጥላም "ታዲያ ያን የዕድር ጸሐፊ ልጅ ይቅርታ ልትለው ነዋ?" አለችኝ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ ሴትዮዋን ሄዶ ይቅርታ ይበላቸው፣ እኔ ምን ብዬ አልኳት። ማታ ማታ ግን ነገሩ እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። በልጁ ላይ የወረደው ቁጣ የእሱ ድርሻ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። አባቴም ያ ጸሐፊም ያላዩት ዓይናቸው ወረቀትና ስልክ ላይ ስለነበረ ነው፤ ቀና ቢሉ ያዩ ነበር። እኔ ግን ቀና ብዬ፣ ዓይኔን ከፍቼ፣ አባቴን ሊቀብሩ የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አይቻቸው ነው ዳቦ ስጣቸውና ሸኛቸው ያልኩት።